የልደት ቀኔ በፓስፖርቴና በልደት ምስክር ወረቀቴ ላይ በአንድ ቀን ይለያያል፤ ወደ ባለቤቴ አገር ከመሄዴ በፊት የትኛውን ላስተካክል?

የመክፈቻ ጽሑፍ

ለተከበራችሁ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣ የምኖረው በባሕር ዳር ከተማ ሽምብጥ አካባቢ ነው። በ2017 ዓ.ም. ወርኃ ጥር በተክሊል ተጋብተን፣ ጋብቻችንንም በወሳኝ ኩነት አስመዝግበን የምስክር ወረቀት ወስደናል። ባለቤቴ የዳንግላ ተወላጅ ቢሆንም ያደገው ጀርመን ነው፤ ዜግነቱም የጀርመን ነው። ለትዳር አጋር የሚሰጠውን የረጅም ጊዜ ቪዛ ለመጠየቅ ወረቀቶቼን በማሰባሰብ ላይ ሳለሁ ሁለት ጉዳዮች በአንድ ጊዜ ተደራረቡብኝ።

የመጀመሪያው ፓስፖርቴ ሊያበቃ ጥቂት ወራት ብቻ የቀሩት መሆኑ ነው። ሁለተኛው የልደት ቀኔ ነው። የተወለድኩት ኅዳር 10 ቀን 1984 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከወሳኝ ኩነት የተሰጠኝ የልደት ምስክር ወረቀት ይህንኑ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ኖቬምበር 20 ቀን 1991 ብሎ አስፍሮታል። ፓስፖርቴ ግን ኖቬምበር 19 ይላል። ልዩነቱ የተፈጠረው ያን ጊዜ ማስረጃዬን ወደ እንግሊዝኛ የመለሰው የትርጉም ቤት ቀኑን 19 ብሎ በመጻፉ ነው፤ ፓስፖርቱም የቀረበለትን ማስረጃ ተከትሎ ወጣ። የጋብቻ ምስክር ወረቀቴ የተሞላው ደግሞ ፓስፖርቴ ታይቶ ስለሆነ እርሱም 19 ይላል።

እኔ በበኩሌ አዲሱ ፓስፖርት ከመውጣቱ በፊት ቀኑ መታረም አለበት ብዬ አምናለሁ። ፓስፖርት የሌሎቹ ወረቀቶች ሁሉ መነሻ ነውና፣ ስሕተቱን ይዞ ከታደሰ በውጭ አገር የሚጻፍልኝ ማንኛውም ሰነድ ያንኑ ስሕተት ይገለብጣል። ይሁን እንጂ ቤተሰቦቼም ወዳጆቼም በዚህ አይስማሙም፤ ለአንድ ቀን ልዩነት ብለሽ ጊዜሽን አታባክኚ ይሉኛል። በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ምን ትመክሩኛላችሁ?

(ክሩ ስለረዘመ፣ ዘግይተው የሚመጡ ሰዎችም ከላይ እስከ ታች ለማንበብ ስለተቸገሩ፣ ምላሾቹን በተራ ቁጥራቸው በራሴ አገላለጽ ከዚህ በታች አስፍሬአለሁ።)

ምላሽ 1

ቀድመው የጻፉት የሁለት ልጆቻቸውን ፓስፖርት በቅርቡ እዚሁ ባሕር ዳር ያሳደሱ አባት ናቸው። እንኳን ደስ ያለሽ ብለው ከመረቁኝ በኋላ፣ ለእድሳት ብዬ አዲስ አበባ ድረስ መንገላታት እንደማያስፈልገኝ፣ ማመልከቻው በኢንተርኔት ተሞልቶና ክፍያው ተፈጽሞ አሻራና ፎቶግራፍ በከተማችን ባለው የኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ቅርንጫፍ መስጠት እንደሚቻል አስረዱኝ። እርሳቸው ባሳደሱበት ጊዜ መደበኛው ክፍያ 5,000 ብር፣ የአስቸኳዩ ግን ከዚያ እጥፍ ድርብ እንደነበር ጠቅሰው፣ ጊዜ እያለኝ ለአስቸኳይ እንዳልከፍል መከሩኝ። የፋይዳ ቁጥሬንም ከወዲሁ እንዳዘጋጅና በፋይዳው ላይ ያለው ስምና ቀን ከሌሎቹ ጋር መግጠሙን እንዳጣራ አሳሰቡኝ፤ ይህን እኔ ራሴ አላሰብኩትም ነበር።

በመጨረሻ የጨመሩት ምክር የአካባቢያችንን ነገር የሚያውቅ ሰው ምክር ነው። በ2015 ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ቀጠሯቸውን በስልካቸው ብቻ የያዙ ሰዎች የማመልከቻ ቁጥራቸውን እንኳ ማየት አቅቷቸው ነበርና፣ እያንዳንዱን ማረጋገጫ አትሜ በወረቀት እንዳስቀምጥ ነገሩኝ። ስለ ልደት ቀኑ ግን ምንም አላሉም።

ምላሽ 2

ሁለተኛው ጸሐፊ አጠር ባለ ጽሑፍ ፓስፖርቴ እንዳለ ይታደስ ባይ ናቸው። ለውጭ አገር መንግሥት ሰውየው ማለት ፓስፖርቱ ነው፤ ስለዚህ የሚስተካከለው የልደት ምስክር ወረቀቱ እንጂ ፓስፖርቱ አይደለም የሚል አቋም አላቸው። በፓስፖርት ላይ የልደት ቀን መለወጥ ዕድሜን ለማሳነስ ወይም ማንነትን ለመደበቅ ተደረገ ተብሎ ጥርጣሬ ሊያስነሳ እንደሚችልም ጨምረዋል። ይህ ክርክር በቀላሉ የሚጣል አይደለም፤ ከዚህ በኋላ የመጡት ምላሾች አብዛኞቹ የተሟገቱት ከእርሳቸው ጋር ነበር።

ምላሽ 3

በእኔ አመለካከት ከክሩ ሁሉ ብልጫ ያለው ምላሽ ይህ ነው። የጻፉት ዲያቆን መሆናቸውን የገለጹ ወንድም ሲሆኑ፣ ስለ ቪዛ ምንም እንደማያውቁ አስቀድመው ተናግረው፣ ስለ ባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም ስለ ቤተ ክርስቲያን የዘመን አቆጣጠር ስሌት፣ ግን የሚሉት እንዳላቸው ገለጹ።

ያስረዱት እንዲህ ነው። 1983 ዓ.ም. ዘመነ ሉቃስ ስለነበረ ጳጉሜን 6 ቀን ሆና ዋለች። በዚህ ምክንያት ዘመነ ዮሐንስ የሆነው 1984 ዓ.ም. የገባው እንደ ሌሎቹ ዓመታት ሴፕቴምበር 11 ሳይሆን ሴፕቴምበር 12 ቀን 1991 ነው። ይህች የአንድ ቀን ብልጫ እስከ የካቲት 21 ድረስ ትዘልቃለች፤ ከዚያ በፈረንጆቹ ዘንድ ፌብሩዋሪ 29 ስትጨመር ሁለቱ አቆጣጠሮች ወደ ተለመደው ርቀታቸው ይመለሳሉ። ስለዚህ በዘመነ ዮሐንስ ከመስከረም 1 እስከ የካቲት 21 የተወለደ ሰው ሁሉ፣ ቀኑ በተለመደው ሠንጠረዥ ብቻ ከተሰላ፣ አንድ ቀን ይጎድልበታል። ኅዳር 10 በሌሎቹ ሦስት ዘመናት ኖቬምበር 19 ላይ ትውላለች፤ በ1984 ግን የዋለችው ኖቬምበር 20 ላይ ነው። በ1988፣ በ1992 እና በ1996 ዓ.ም. በእነዚያ ወራት የተወለዱም ወረቀታቸውን አውጥተው እንዲያዩ መከሩ።

ዲያቆኑ ከዚህ ያወጡት መደምደሚያ ለእኔ ክብደት ነበረው። የልደት ምስክር ወረቀቱ ትክክል ነው፤ ፓስፖርቱ ስሕተት ነው፤ ትክክለኛውን ከስሕተቱ ጋር ለማስማማት ማበላሸት ደግሞ በመዝገብ ላይ ሐሰት መጻፍ ነው። በዚህ ነጥብ 2ኛውን ጸሐፊ በትሕትና ግን ሳይሸፋፍኑ ተቃውመዋቸዋል።

ምላሽ 4

የደብረ ማርቆስ ነዋሪ የሆኑ እህት የባሰም እንዳለ ለመንገር ብቅ አሉ። ወንድማቸው የተወለደው ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ሲሆን፣ ሰነዱን ያዘጋጀው ሰው 7 መደመር ሲገባው 8 ደምሮ አንድ ዓመት ሙሉ አሳነሰው። ከመስከረም እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ድረስ ልዩነቱ 7 ዓመት፣ ከጃንዋሪ ጀምሮ ደግሞ 8 ዓመት መሆኑን ሁሉም ያውቀዋል የሚባል ቢሆንም፣ በየወረቀቱ የሚታየው ግን ሌላ መሆኑን በምሬት ጽፈዋል።

ምላሽ 5

ከፍራንክፈርት የጻፉት እህት በእኔ መንገድ ከብዙ ዓመት በፊት ያለፉ ናቸው። በ2ኛው እና በ3ኛው ጸሐፊ መካከል የተነሳውን ክርክር የፈቱት አንድ ጥያቄ በመጠየቅ ነው፤ የተሳሳተውን ቀን የያዘ ማመልከቻ ከዚህ ቀደም ለየትኛውም የውጭ አገር ኤምባሲ አስገብቼ እንደማውቅ ጠየቁኝ። አስገብቼ ቢሆን ኖሮ ቀኑ በዚያ አገር የመረጃ ቋት ውስጥ ስለሚቀመጥ፣ ድንገት ሌላ ቀን ይዞ መቅረብ 2ኛው ጸሐፊ የፈሩትን ጥርጣሬ በእርግጥ ሊያስነሳ ይችላል፤ ያን ጊዜ እርማቱን ከነምክንያቱ አስቀድሞ በጽሑፍ ማሳወቅ ያስፈልጋል። ምንም ያልገባ ከሆነ ግን ስሕተቱ ገና ከአገር ስላልወጣ፣ ለማረም ከዚህ የተሻለ ጊዜ አይገኝም። እኔ ከዚህ በፊት ለማንም አመልክቼ አላውቅም።

ቀጥለውም ከደረስኩ በኋላ የሚጠብቀኝን ዘረዘሩ። በመግቢያ ቪዛው ከገባሁ በኋላ በምኖርበት ከተማ እመዘገባለሁ፤ ከዚያ የውጭ ዜጎች ጉዳይ ቢሮ የመኖሪያ ፈቃድ ይሰጠኛል፤ የጤና መድኅን፣ የግብር ቁጥርና የባንክ ሒሳብ ይከተላሉ። እነዚህ ሁሉ ቀኑን የሚወስዱት ከፓስፖርቱ ነው። እርሳቸው ልጅ በወለዱ ጊዜ ግን የክብር መዝገብ ሹሙ የእናቲቱን የልደት ምስክር ወረቀት ጠይቀው ከፓስፖርቱ ጋር ሲያስተያዩ የስሙ አጻጻፍ ሳይገጥም ቀረ። ልጁ ተወልዶ፣ ስም ወጥቶለት፣ ክርስትና እንኳ ተነሥቶ ሳለ የልደት ምስክር ወረቀቱ በዚህ የተነሳ ለረጅም ጊዜ ሳይሰጣቸው ቆየ። አባቴን ከኢትዮጵያ ወረቀት እንዲልኩልኝ በየሳምንቱ አስጨንቃቸው ነበር ያሉበት ክፍል በብዙ አንባቢዎች ዘንድ ሐዘኔታን አግኝቷል።

አንድ ሌላ ነጥብም አንሥተዋል። የመኖሪያ ፈቃድ ከፓስፖርቱ የአገልግሎት ዘመን ስለማያልፍ፣ ሊያበቃ የተቃረበ ፓስፖርት ይዞ መሄድ ገና ከመድረስ ወደ በርሊኑ ኤምባሲያችን ወይም ወደ ፍራንክፈርቱ ቆንስላ ለእድሳት መመላለስን ያስከትላል። የቀድሞው ፓስፖርታችን የሚያገለግለው ለ5 ዓመት ብቻ በመሆኑ ብዙዎች ይህን ችግር ያውቁታል። ስለዚህ በየካቲት 2017 ይፋ የሆነውን ቺፕ ያለው ኤሌክትሮኒክ ፓስፖርት እዚሁ አገር ሳለሁ፣ ቀኑም ታርሞ፣ አውጥቼ እንድሄድ አጥብቀው መከሩኝ።

ምላሽ 6 እና 7

6ኛው ጸሐፊ ከጉዳዩ ወጥተው ትዳሬን መረመሩ። በዳያስፖራ የሚደረግ ጋብቻ ሁሉ ለወረቀት ነው፣ ለወረቀት የተጋባ ሰው ደግሞ ስለ ወረቀት ቢጨነቅ አይደንቅም የሚል ትርጉም ያለው ነገር ጻፉ። 7ኛዋ ጸሐፊ ቁጣቸውን ሳይደብቁ መለሱላቸው፤ ሰው በአደባባይ ምክር ሲጠይቅ መስደብ ነውር መሆኑን ነግረው፣ በቤተ ክርስቲያን በተክሊል የተፈጸመን ጋብቻ በዚህ መልኩ ማንሣት ደግሞ ከነውርም በላይ መሆኑን ጨመሩ። እኔ ለዚህ መልስ አልሰጠሁም። ለማንም ማስረዳት የሚገባኝ ነገር አይደለምና።

ምላሽ 8

ከጎንደር የጻፉት ወንድም ያነሡትን ጉዳይ ከዚያ በፊት ማንም አልነገረኝም። ጀርመን በኢትዮጵያ ሰነዶች ላይ ሕጋዊ የማረጋገጫ ማኅተም መስጠት ካቆመች ቆይታለች። በዚህ ፈንታ በጀርመን ያለው ባለሥልጣን ሲጠይቅ ኤምባሲው የሚያምነውን ጠበቃ ይልካል፤ ጠበቃው ሰነዱ ወጣ የተባለበት ጽሕፈት ቤት ድረስ ሄዶ መዝገቡን ያያል፣ ዘመድና ጎረቤትም ሊጠይቅ ይችላል። የምርመራውን ወጪ የሚሸፍነው አመልካቹ ነው። ስለዚህ ከአዲስ አበባ የተለጠፈ ብዙ ማኅተም በራሱ አያድንም፤ የሚያድነው በቀበሌ መዝገብ ላይ የሰፈረው ነገር ከእጄ ካለው ወረቀት ጋር መግጠሙ ነው።

ቀጥለው የተረኩት በእኅታቸው የደረሰውን ነው። መርማሪው ሰፈራቸው በመጣ ዕለት እናትና አባት ገበያ ሄደው፣ ቤት የነበሩት አንዲት አረጋዊት አክስት ብቻ ነበሩ። አክስትየው አጎዛቸው ላይ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትሉ ነበር። ደህና የለበሰ፣ ፋይል የያዘ የማያውቁት ሰው ስለ ልጅቱ ባል ስም፣ ስለ ሠርጉ ቀን፣ ስለ ሚዜዎቹ ብዛት ሲጠይቃቸው፣ በእነዚህ ክፉ ጊዜያት እንግዳ ሰው ስለ ቤተሰብ ሲጠይቅ በደኅና አይደለም ብለው ስለሠጉ፣ እንዝርታቸውን ሳያስቀምጡ እንዲህ የምትባል ልጅ አላውቅም፣ በዚህ ቤትም ሠርግ ተደርጎ አያውቅም ብለው ሸኙት። ልጅቱን ለመጠበቅ ያደረጉት ነበር። ጋብቻው እውነተኛ እንደሆነ ለማስረዳት ቤተሰቡ ከዚያ በኋላ ብዙ ደክሟል፤ ጉዳዩ በመጨረሻ ቢሳካም ባልና ሚስት በዚህ ምክንያት ተለያይተው የቆዩበት ጊዜ ቀላል አልነበረም።

ጸሐፊው የሰጡኝ ምክር ቀላል ነው፤ ወላጆቼን፣ አክስት አጎቶቼን፣ ግራ ቀኝ ጎረቤቶቼንና የዕድር ዳኛውን ሳይቀር አስቀድሜ እንዳሳውቅ፣ የሚመጣው ሰውም ማን እንደሆነ መታወቂያውን እንዲጠይቁ፣ ከዚያ ግን የሚያውቁትን ብቻ በእውነት እንዲናገሩ እንድነግራቸው ነው። መልስ ማስጠናት እንደማይገባ አበክረው ጽፈዋል፤ ሁሉም ሰው በአንድ ዓይነት ቃል ከመለሰ ያም ራሱ ያስጠረጥራልና።

ምላሽ 9

ከዚህ በኋላ ወሬው ወደ ስም ተሸጋገረ። አንዲት መምህርት በአገራችን የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር ባለመኖሩ የሚደርሰውን መምታታት አብራርተው ጻፉ። በፓስፖርታችን ላይ በቤተሰብ ስም ቦታ የሚገባው የአያት ስም ስለሆነ፣ ውጭ አገር ስንደርስ ሁሉም በአያታችን ስም ይጠራናል። የጀርመን ቅጽ የባለቤቴን የቤተሰብ ስም መውሰድ እፈልግ እንደሆነ እንደሚጠይቀኝ፣ ያ ስም ደግሞ በእኛ ልማድ የአማቴ ወይም የአማቴ አባት ስም መሆኑን አስታውሰው፣ በአባቴ ስም መቆየት መብቴ እንደሆነና አለመለወጡም ወረቀቱን እንደሚያቀልለኝ ገለጹ።

ያነሡት ሌላው ነጥብ በቤተ ክርስቲያን የተጋባን ሰዎችን ሁሉ የሚመለከት ነው። ከደብሩ የሚሰጠው የጋብቻ ማስረጃ የክርስትና ስማችንን ሊይዝ ይችላል። አንዲት ሴት በፓስፖርቷ በዓለም ስሟ፣ በደብሩ ማስረጃ ደግሞ ወለተ ማርያም ተብላ ከተጻፈች፣ ለመርማሪው ሁለት ሴቶች ናቸው። ሁለቱም ስሞች በአንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን እንዲጻፉ ደብሩን መጠየቅ እንደሚገባ መከሩ። የእኔ ማስረጃ ሁለቱንም ስም የያዘ መሆኑን ወዲያው አይቼ አረጋግጫለሁ። የላቲኑን አጻጻፍ በተመለከተም ‹ፀ› በአንዱ ወረቀት በ‹ቲ› እና በ‹ኤስ›፣ በሌላው በ‹ኤስ› ብቻ እንዳይጻፍ፣ ‹ቀ›ም አንድ ጊዜ በ‹ኬ› አንድ ጊዜ በ‹ኪው› እንዳይሆን ጨምረው አስጠንቅቀዋል።

ምላሽ 10 እና 11

10ኛው ጸሐፊ ይህ ሁሉ ልፋት አያስፈልግም፣ የማውቀው ጉዳይ አስፈጻሚ አለ፣ ገንዘቡን ከከፈልሽ ቀኑም ይስተካከላል፣ ቀጠሮውም ይፈጥናል የሚል ሐሳብ አቀረቡ። 11ኛው ጸሐፊ በጣም ተቆጡ። በጉዳይ አስፈጻሚ የተስተካከለ ወረቀት በመዝገብ ላይ ያልተስተካከለ ወረቀት መሆኑን፣ በ8ኛው ምላሽ የተነገረው መርማሪ የሚያየው ደግሞ መዝገቡን እንጂ ወረቀቱን አለመሆኑን አስገንዝበው፣ ሐሰተኛ ሰነድ ያቀረበ ሰው በዚያ ቪዛ ላይ ብቻ ሳይሆን በሚቀጥሉት ማመልከቻዎቹ ሁሉ እምነት እንደሚያጣ ጻፉ። ቃላቸው ቢከርርም ሐቁ ከእርሳቸው ጋር ነው፤ እኔም ይህን በግልጽ ደግፌአለሁ።

ምላሽ 12 እና 13

12ኛዋ ጸሐፊ የጀርመንኛ ፈተናን አስታወሱኝ። የትዳር አጋር ቪዛ የሚጠይቅ ሰው በአብዛኛው የመጀመሪያውን የቋንቋ ደረጃ፣ ማለትም ‹አ-አንድ› የሚባለውን፣ ማለፍ አለበት፤ ፈተናው ማዳመጥ፣ ማንበብ፣ መጻፍና መናገር ያለው ሲሆን ከ100 ውስጥ 60 ነጥብ ያገኘ ያልፋል። እርሳቸው ፈተናውን የወሰዱት አዲስ አበባ በሚገኘው የጎተ ኢንስቲትዩት ሲሆን፣ የመንገዱ ነገር የማይታመን ስለሆነ ዝግጅቱን እዚሁ ባሕር ዳር ጨርሼ ለፈተናው ብቻ በአውሮፕላን እንድሄድ መከሩኝ። አያይዘውም ባለቤቴ ከፍ ያለ ደመወዝና ሰፊ ቤት እንዳለው ማሳየት ግዴታው ነው አሉ።

በዚህ የመጨረሻ ነጥብ 13ኛው ጸሐፊ አረሟቸው። በቂ ገቢና በቂ መኖሪያ ማሳየት በጥብቅ የሚጠየቀው በጀርመን የሚኖረው የትዳር አጋር ራሱ የውጭ ዜጋ ሲሆን ነው፤ ጀርመናዊ ዜጋ ከሆነ ግን እንደ ደንቡ ቪዛው በገቢ ምክንያት አይከለከልም። ከቋንቋው ግዴታም ነጻ የሚሆኑ መኖራቸውን፣ ለምሳሌ ሰማያዊ ካርድ በሚባለው የባለሙያ ፈቃድ የሚኖር ሰው የትዳር አጋር ፈተናውን እንደማይጠየቅ አስረዱ። የጀርመናዊ ዜጋ የትዳር አጋር የቪዛ ክፍያ እንደማይጠየቅና ከደረስኩ በኋላም ወዲያው ሠርቶ የማደር መብት እንደሚኖረኝ ጨመሩልኝ። 12ኛዋ ጸሐፊም ተመልሰው እርማቱን በምስጋና ተቀበሉ።

ምላሽ 14 እና 15

እዚህ ላይ ንግግሩ እንደገና ጠነከረ። 14ኛው ጸሐፊ ሩቁን አይተው፣ የጀርመናዊ የትዳር አጋር ከ3 ዓመት ኑሮ በኋላ፣ ጋብቻው 2 ዓመት ከሞላው፣ ዜግነት መጠየቅ እንደሚችል፣ ከሰኔ 20 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ጀርመን የቀድሞውን ዜግነት መተውን እንደማትጠይቅ ገልጸው፣ ስለዚህ ሁለቱንም ፓስፖርት ይዤ መኖር እንደምችል አበሠሩኝ። 15ኛዋ ጸሐፊ፣ ከአጻጻፋቸው የሕግ ሰው የሚመስሉ፣ ይህ ምክር ሰውን ገደል የሚከት መሆኑን ያለ ርኅራኄ ጻፉ። ጀርመን ብትፈቅድም የኢትዮጵያ የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 አይፈቅድም፤ በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን ይተዋል፤ ከዚያ በኋላ የኢትዮጵያን ፓስፖርት መጠቀም ሕገ ወጥ ነው። የሚተርፈው በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የሚሰጠው፣ ሕዝቡ ቢጫ ካርድ የሚለው፣ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ነው። የውጭ ዜጋ ማግባት ብቻውን ግን ዜግነትን እንደማያስቀርም ለማረጋጋት ያህል ጨምረዋል። 14ኛው ጸሐፊ አንድ ጊዜ ለመከራከር ሞክረው አዋጁ ሲጠቀስላቸው ዝም አሉ።

ምላሽ 16

አንድ ወጣት የሠርግ ፎቶግራፍ እንደ ማስረጃ ይጠየቅ እንደሆነ ጠይቆ፣ የእርሱ ሠርግ ፎቶ የተነሣው ጣና ዳር በታንኳ ላይ እንደሆነ ነገረን። ከዚያ ሁለት ሦስት ሰዎች ሙሽሮች በጀልባ የሚሄዱባቸውን ገዳማት መቁጠር ጀመሩ፤ ክብራን ገብርኤል ሴት እንደማይገባበት ያስታወሱም ነበሩ። እንቦጩ የሐይቁን ዳር እንዴት እንዳበላሸው የተወራው ግን ከጥያቄዬ በጣም ስለራቀ አልዘረዝረውም። ለጥያቄው የተሰጠው ቁም ነገር ያለው መልስ፣ ብዙ የሙሽሮች ፎቶ ከማቅረብ ይልቅ የሁለቱን ወገን ቤተሰቦች፣ ሚዜዎችና ምስክሮች በአንድ ላይ የሚያሳይ ጥቂት ፎቶ እንደሚሻል ነው።

ምላሽ 17

ይህ የእኔ ምላሽ ነው። ሁሉንም አመስግኜ የወሰንኩትን ጻፍኩ። የልደት መዝገቡን አልነካም፤ ትክክል ነውና። የልደት ምስክር ወረቀቴን ይዤ የፍርድ ቤት ውሳኔ እጠይቃለሁ፤ በውሳኔው መሠረት የጋብቻ መዝገቡ ይታረማል፤ ፓስፖርቱም በታረመው ቀን በአዲስ መልክ ይወጣል፤ ሰነዶቹ ከጀርመንኛ ተርጓሚ ፊት የሚቀርቡት ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ይህ ቅደም ተከተል ከተገለበጠ አንዱን ወረቀት ባረምን ቁጥር ሌላውን እንደገና ማስተርጎምና እንደገና መክፈል ይከተላል። በ2ኛው ምላሽ የተነሣውንም ሥጋት ችላ አላልኩትም፤ ቀኑ ለምን እንደተለወጠ የሚያስረዳ የአንድ ገጽ ደብዳቤ፣ የጳጉሜን 6ን ስሌት ጨምሮ፣ ከማመልከቻዬ ጋር አያይዛለሁ። ባለቤቴ ነገሩ ይዘገያል ብሎ ቢከፋውም ምክንያቱን ሲሰማ ተስማምቷል።

ምላሽ 18

2ኛው ጸሐፊ ተመልሰው መጡ። አቋማቸውን ሙሉ በሙሉ ባይለውጡም፣ ከዚህ ቀደም የገባ ማመልከቻ ከሌለ እርማቱ ጉዳት እንደሌለው ተቀበሉ። ለሥራ የሚጠቅም ምክርም ሰጡኝ፤ የፍርድ ቤቱ ውሳኔ ቀኑ ታርሟል ብሎ ብቻ እንዳያልፍ፣ የኢትዮጵያውን ቀን፣ የተሳሳተውን የጎርጎርዮሳዊ ቀንና ትክክለኛውን ቀን ሦስቱንም በአንድ ዓረፍተ ነገር እንዲያስቀምጥ በአቤቱታዬ ላይ በግልጽ እንድጠይቅ ነው። ማንኛውም ውጭ ያለ ባለሥልጣን ያንን አንድ ዓረፍተ ነገር አንብቦ ነገሩን ይረዳል።

ምላሽ 19 እና 20

19ኛዋ ጸሐፊ ከዘጌ ናቸው። የእርሳቸው ሁኔታ ከእኔ ይለያል፤ ማመልከቻቸው ኤምባሲ ገብቶ መልስ በመጠባበቅ ላይ ሳሉ ፓስፖርታቸው እያበቃባቸው ነው። አሁን ቢያሳድሱ የፓስፖርት ቁጥሩ ስለሚለወጥ ማመልከቻቸው እንዳይበላሽ ፈርተዋል።

የፍራንክፈርቷ እህት 20ኛ ሆነው መለሱላቸው። ማሳደሱን እንዳያዘገዩ፣ አዲሱ ፓስፖርት እንደደረሳቸው የመጀመሪያውን ገጽ ቅጂና የማመልከቻ ቁጥራቸውን ጨምረው ለኤምባሲው በጽሑፍ እንዲያሳውቁ፣ አሮጌውንም ፓስፖርት እንዳይጥሉ፣ ለቪዛው ሲጠሩ ሁለቱንም ይዘው እንዲቀርቡ ነገሯቸው። ቪዛው የሚለጠፈው በአዲሱ ላይ ነው። የዘጌዋ እህት ለአሻራ ቀጠሮ ለማስያዝ በሚቀጥለው ሳምንት በጀልባ ወደ ባሕር ዳር እንደሚሻገሩ ጽፈዋል፤ የ1ኛው ምላሽ ጸሐፊም ማመልከቻውን በመሙላት እንደሚረዷቸው ቃል ገብተውላቸዋል።